የትኛው ሀብት አልቋል? የትኛውስ ተርፏል? በግራፍ ዘዴ የገደቦችን ልልነት ማግኘት

መግቢያ

ከጤና ተቋማት ወደ በላይ አካል የሚቀርቡ የሀብት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ መልክ አላቸው። ሰው ይጨመር፣ ነዳጅ ይጨመር፣ ማቀዝቀዣ ይገዛ የሚሉ ናቸው። እያንዳንዱ ጥያቄ እውነተኛ ችግርን ሊያመለክት ይችላል፤ ሆኖም ሁሉም በአንድ ጊዜ እኩል አንገብጋቢ አይሆንም። አንዱ ሀብት ተሟጥጦ ሥራውን አንቆ ሲይዝ ሌላው ሳይነካ ተርፎ ሊቆይ ይችላል። በተረፈው ላይ ቢጨመርበት የሚከተበው ሕፃን ቁጥር በአንድም ከፍ አይልም፤ ባለቀው ላይ ጥቂት ቢጨመር ግን ውጤቱ ወዲያውኑ ይታያል።

ይህን ልዩነት በግምት ሳይሆን በስሌት ለማወቅ የሚያስችለው የሒሳብ ዘዴ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ይባላል። ዘዴው ውስን ሀብትን በተለያዩ ሥራዎች መካከል በተሻለ ሁኔታ ለማከፋፈል የሚያገለግል ሲሆን፣ የሀብቶቹ ወሰን «ገደብ» ይባላል። አንድ ዕቅድ ሥራ ላይ ሲውል ከእያንዳንዱ ገደብ ሳይነካ የሚቀረው መጠን ደግሞ የዚያ ገደብ «ልልነት» ነው። ገደብን በገመድ ብንመስለው ሥራውን ይዞ ያቆመው ገመድ የተወጠረ ነው፤ ሌላው ላላ ብሎ ይታያል። የላላውን ገመድ ማስረዘም የታሰረውን ከብት አንድ እርምጃ እንኳ ወደፊት አያስኬደውም።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ሥራ ብቻ ላለው ዕቅድ በሚያገለግለው የግራፍ ዘዴ አማካይነት ልልነት እንዴት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚነበብና ለጤና አገልግሎት ውሳኔ ምን እንደሚጠቅም ይብራራል። ምሳሌው የተወሰደው ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከስሜን ተራሮች ግርጌ መልክዓ ምድር ነው።

የዘዴው አመጣጥ

ሶቪየታዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 የፋብሪካ ሥራን በተሻለ መንገድ ማደራጀት የሚያስችል ስሌት አሳተመ። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ ፈጠረ፤ ይህም ብዙ ዓይነት ሥራና ብዙ ገደብ ያለበትን ችግር ደረጃ በደረጃ ለመፍታት አስቻለ። ካንቶሮቪችና ትያሊንግ ኩፕማንስ በሀብት አመዳደብ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1975 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ዘዴው ገና ከጅምሩ ከጤና ጉዳይ ጋር ተሳስሮ ነበር። ጆርጅ ስቲግለር የተባለው የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጥናት አንድ ሰው የሚያስፈልገውን ንጥረ ምግብ ሁሉ በአነስተኛ ዋጋ ለማግኘት ከ77 የምግብ ዓይነቶች የትኞቹን መምረጥ እንዳለበት ጠየቀ። በግምትና በማነጻጸር የደረሰበት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1939 ዋጋ በዓመት 39 ዶላር ከ93 ሳንቲም ነበር። ይኸው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1947 ለሲምፕሌክስ ዘዴ መፈተኛ ሆኖ ቀረበ። ዘጠኝ ሠራተኞች በእጅ በሚሠሩ የሒሳብ መኪናዎች 120 የሰው ቀን ያህል ደክመው 39 ዶላር ከ69 ሳንቲም አገኙ። የስቲግለር ግምት ከትክክለኛው መልስ የራቀው በ24 ሳንቲም ብቻ ነበር።

ቦታውና ችግሩ

ዳባት ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የስሜን ተራሮች መግቢያ በር ናት። ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለው አገር በአመዛኙ ደጋ ሲሆን፣ ከደባርቅ ወጣ ሲባል ግን መንገዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ዛሪማና ወደ አዲአርቃይ ቆላ ይወርዳል። በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ አየሩ፣ አዝመራውና በሽታው ይለወጣል። ከዋናው መንገድ ተገንጥለው በሸለቆውና በገደሉ ወለል ወዳሉ መንደሮች የሚኬደው በእግርና በበቅሎ ነው።

ለጤና ሥራ ዕቅድ ይህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተመሥርቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ሆነው በገጠር እንዲሠሩ ሲያሠለጥን ቆይቷል። ተቋሙ በኋላ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። የዳባት የምርምር ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ1996 ባካሄደው ቆጠራ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን መመዝገብ ጀመረ። ቀበሌዎቹ ሲመረጡ የአየር ንብረት ልዩነት ግምት ውስጥ መግባቱ በደጋና በቆላ መካከል ያለው ልዩነት ለጤና ሥራ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

የክትባት ሥራ የዚህ ልዩነት ዋና መፈተኛ ነው። በኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት ውስጥ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ2016 39 በመቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ 43 በመቶ ነበሩ። ያልተከተቡት ሕፃናት ሁሉ የቀሩት በአንድ ምክንያት አይደለም፤ መንገድ፣ ባለሙያ፣ ነዳጅና የቅዝቃዜ ሰንሰለት እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቆየት ስላለባቸው፣ ወደ ቆላ የሚወርድ ቡድን ከደጋው ይልቅ ብዙ የበረዶ ጥቅል መያዝ ይኖርበታል።

ችግሩን ወደ ስሌት መለወጥ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ዘዴውን ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የማንኛውም ተቋም መረጃ አይደሉም። መቀመጫውን ደባርቅ ያደረገ አንድ የክትባት ቡድን ለአንድ ወር ያቅዳል እንበል። ቡድኑ ሁለት ዓይነት ጉዞ አለው። የመጀመሪያው በደባርቅና በዳባት መካከል በመንገድ ዳር ወዳሉ የደጋ ቀበሌዎች የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ የዚህን ጉዞ ብዛት «ደ» እንለዋለን። ሁለተኛው ከሊማሊሞ በታች መኪና እስከሚደርስበት ሄዶ ከዚያ በእግር የሚቀጥልና አዳር የሚጠይቅ የቆላ ጉዞ ነው፤ ብዛቱን «ቆ» እንለዋለን።

አንድ የደጋ ጉዞ 2 የባለሙያ ቀን፣ 20 ሊትር ነዳጅና 1 የበረዶ ጥቅል ስብስብ ይፈልጋል፤ 30 ሕፃናትም ይከተቡበታል። አንድ የቆላ ጉዞ 4 የባለሙያ ቀን፣ 20 ሊትር ነዳጅና 3 የበረዶ ጥቅል ስብስብ ይፈልጋል፤ 40 ሕፃናት ይከተቡበታል። በወሩ ውስጥ ያለው ሀብት 80 የባለሙያ ቀን፣ 600 ሊትር ነዳጅና ማቀዝቀዣው ሊያዘጋጅ የሚችለው 54 የበረዶ ጥቅል ስብስብ ነው። ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ የክትባት ካርድ የሚሰጥ ሲሆን፣ 1,500 ካርድ አለ።

ይህ ሁሉ በሒሳብ ቋንቋ እንዲህ ይጻፋል።

የሚፈለገው፦ 30ደ + 40ቆ ከፍተኛ እንዲሆን

የባለሙያ ቀን፦ 2ደ + 4ቆ ≤ 80
ነዳጅ፦ 20ደ + 20ቆ ≤ 600
የበረዶ ጥቅል፦ ደ + 3ቆ ≤ 54
ካርድ፦ 30ደ + 40ቆ ≤ 1,500
ደ ≥ 0፣ ቆ ≥ 0

የመጨረሻው መስመር የጉዞ ብዛት ከዜሮ በታች ሊሆን እንደማይችል ይገልጻል።

ግራፉን መሥራት

በካሬ ወረቀት ላይ አግድም ዘንጉ ደ፣ ቋሚ ዘንጉ ቆ ይሁን። እያንዳንዱ ገደብ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይሠራል። መስመሩን ለማግኘት «≤» የሚለው ምልክት ለጊዜው «=» ተደርጎ ይወሰድና መጀመሪያ ቆን ዜሮ፣ ቀጥሎ ደን ዜሮ በማድረግ መስመሩ ሁለቱን ዘንጎች የሚቆርጥባቸው ነጥቦች ይፈለጋሉ። የባለሙያ ቀን መስመር ደን በ40፣ ቆን በ20 ይቆርጣል። የነዳጁ ሁለቱንም በ30 ይቆርጣል። የበረዶው ደን በ54፣ ቆን በ18 ይቆርጣል። የካርዱ ደን በ50፣ ቆን በ37.5 ይቆርጣል።

ሁሉም ገደቦች «ከዚህ አይብለጥ» የሚሉ ስለሆኑ የሚፈቀደው ወገን ከየመስመሩ ወደ ዜሮ ነጥብ ያለው ነው። ከሁሉም መስመሮች በታች የሚውለው ቦታ ሲጠቆር አምስት ማዕዘን ያለው ቅርጽ ይወጣል። በዚህ ቅርጽ ውስጥ ወይም ጠርዝ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ሊፈጸም የሚችል ዕቅድ ነው፤ ከቅርጹ ውጭ ያለው ግን ቢያንስ አንድ ሀብት ያንሰዋል። የካርዱ መስመር ከቅርጹ ርቆ ስለሚያልፍ በአንድም ነጥብ አይነካውም። እንዲህ ያለው ገደብ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ ስለሌለው ከስሌቱ ሊወጣ ይችላል።

ከሁሉ የተሻለው ዕቅድ ምንጊዜም ቢያንስ በአንድ ማዕዘን ላይ ይገኛል። ስለዚህ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ይበቃል። ሁለት መስመሮች የሚገናኙበትን ማዕዘን ለማግኘት ሁለቱ እኩልነቶች በአንድነት ይፈታሉ። ለምሳሌ የባለሙያና የነዳጅ መስመሮች ሲቃለሉ ደ + 2ቆ = 40 እና ደ + ቆ = 30 ይሆናሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲቀነስ ቆ = 10፣ በመሆኑም ደ = 20 ይሆናል። የአምስቱ ማዕዘኖች ውጤት ከነልልነታቸው የሚከተለው ነው።

ሀ) ደ = 0፣ ቆ = 0፦ የተከተቡ 0፤ ልልነት፦ ባለሙያ 80፣ ነዳጅ 600፣ በረዶ 54
ለ) ደ = 30፣ ቆ = 0፦ የተከተቡ 900፤ ልልነት፦ ባለሙያ 20፣ ነዳጅ 0፣ በረዶ 24
ሐ) ደ = 20፣ ቆ = 10፦ የተከተቡ 1,000፤ ልልነት፦ ባለሙያ 0፣ ነዳጅ 0፣ በረዶ 4
መ) ደ = 12፣ ቆ = 14፦ የተከተቡ 920፤ ልልነት፦ ባለሙያ 0፣ ነዳጅ 80፣ በረዶ 0
ሠ) ደ = 0፣ ቆ = 18፦ የተከተቡ 720፤ ልልነት፦ ባለሙያ 8፣ ነዳጅ 240፣ በረዶ 0

ከሁሉ የሚበልጠው በ«ሐ» የተመለከተው ነው፤ 20 የደጋና 10 የቆላ ጉዞ ተደርጎ 1,000 ሕፃናት ይከተባሉ።

ልልነትን ማንበብ

ልልነት የሚሰላው ካለው ሀብት ላይ በዕቅዱ የሚወጣውን በመቀነስ ነው። በ«ሐ» ላይ የባለሙያ ቀን 2 × 20 + 4 × 10 = 80 ስለሆነ ልልነቱ ዜሮ ነው። ነዳጁም 20 × 20 + 20 × 10 = 600 ስለሆነ ዜሮ ነው። የበረዶ ጥቅሉ ግን 20 + 3 × 10 = 50 ብቻ ስለሆነ ከ54ቱ 4 ይተርፋል። ልልነቱ ዜሮ የሆነ ገደብ የጠበቀ፣ ከዜሮ የሚበልጠው ደግሞ የላላ ገደብ ይባላል። ስሌቱ ከዜሮ በታች ከወጣ ዕቅዱ ሊፈጸም አይችልም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከግራፉ ላይ በዓይን ሊነበብ ይችላል። ነጥቡ በአንድ መስመር ላይ ካረፈ የዚያ ገደብ ልልነት ዜሮ ነው። ነጥቡ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ፈቀቅ ካለ ልልነት አለ። መጠኑን ለማወቅ ከነጥቡ ተነሥቶ ወደ ቀኝ በአግድም እስከ መስመሩ መሄድና የተሄደበትን ርዝመት በገደቡ ውስጥ ባለው የደ አባዢ ማብዛት ነው። በ«ሐ» ላይ ቆ 10 እንደሆነ ወደ ቀኝ ቢኬድ የበረዶው መስመር የሚገኘው ደ 24 ሲሆን ነው። ርዝመቱ 4፣ አባዢው 1 ስለሆነ ልልነቱ 4 ይሆናል። ወደ ላይ በቋሚ ቢኬድም ያው ነው፤ መስመሩ የሚገኘው ቆ 11⅓ ሲሆን ነው። ርዝመቱ 1⅓ በአባዢው በ3 ሲባዛ እንደገና 4 ይሰጣል። ሁለቱም መንገዶች አንድ መልስ መስጠታቸው ለሥራው ማረጋገጫ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መጠቆም ያስፈልጋል። በግራፉ ላይ ነጥቡና መስመሩ ተቀራርበው ስለታዩ ልልነቱ ትንሽ ነው፣ ተራርቀው ስለታዩም ብዙ ነው ማለት አይቻልም። በ«ለ» ላይ የባለሙያው መስመር በአግድም 10 እርምጃ ርቆ ይገኛል፤ አባዢው 2 ስለሆነ ልልነቱ 20 የባለሙያ ቀን ነው። በ«መ» ላይ ደግሞ የነዳጁ መስመር በአግድም 4 እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ አባዢው 20 ስለሆነ ልልነቱ 80 ሊትር ይሆናል። የአንዱ መለኪያ ቀን፣ የሌላው ሊትር፣ የሦስተኛው የበረዶ ጥቅል ነው። ስለዚህ ልልነቶች እርስ በርስ በቁጥር ብቻ አይወዳደሩም።

ልልነት ለውሳኔ ያለው ትርጉም

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። ለቡድኑ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ እንበል። ማቀዝቀዣው የበረዶ ጥቅሉን ከ54 ወደ 108 ያሳድገዋል። በግራፉ ላይ የበረዶው መስመር ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ማዕዘን «ሐ» ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የሚከተቡት ሕፃናት 1,000 ናቸው፤ የበረዶው ልልነት ብቻ ከ4 ወደ 58 ያድጋል። ዕቃው ውድ ነው፤ በርዳታ ቢገኝ እንኳ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

በምትኩ 4 የባለሙያ ቀን ብቻ ቢጨመር የባለሙያው ገደብ 84 ይሆናል። አዲሱ ማዕዘን ደ = 18፣ ቆ = 12 ላይ ያርፋል፤ የሚከተቡትም 1,020 ይሆናሉ። አንድ ተጨማሪ የባለሙያ ቀን 5 ተጨማሪ ሕፃናት አስገኘ ማለት ነው። በባለሙያ ፈንታ 20 ሊትር ነዳጅ ቢጨመር ማዕዘኑ ደ = 22፣ ቆ = 9 ላይ ሲሆን የሚከተቡት እንዲሁ 1,020 ይሆናሉ፤ በአንድ ሊትር አንድ ሕፃን ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የባለሙያ ውሎ አበልና የነዳጅ ዋጋ ነው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ የጠበቀውን ገመድ ያረዝማሉ።

ጥቅሙ ማለቂያ የለውም ማለት ግን አይደለም። የባለሙያ ቀን 84 ሲደርስ የበረዶ ጥቅሉ 18 + 3 × 12 = 54 ሆኖ ልልነቱ ያልቃል። ከዚያ በኋላ 85ኛ የባለሙያ ቀን ቢጨመር የሚከተብ ሕፃን አይጨምርም፤ ያኔ የጠበቀው ገደብ በረዶው ነውና። ትናንት ትርጉም ያልነበረው የማቀዝቀዣ ጥያቄ ዛሬ ትክክለኛ ጥያቄ ይሆናል። ስለሆነም የአንድ ሀብት እጥረት ቋሚ ባሕርይ ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር ባለው ግንኙነት የሚታይ ነው። ሀብት በተጨመረ ቁጥር ልልነትን እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።

ዝቅተኛ ገደብና ትርፍ

እስካሁን የታየው ስሌት አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። ዓላማው የተከተቡትን ቁጥር ማብዛት ብቻ ከሆነ በእግር የሚኬድባቸው የቆላ መንደሮች ዘወትር ወደ ኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። ይህን ለመከላከል «የቆላ ጉዞ ከ12 አይነስ» የሚል ገደብ፣ ማለትም ቆ ≥ 12፣ ይጨመር እንበል። በግራፉ ላይ ቆ 12 በሆነበት አግድም መስመር ተሠርቶ ከእሱ በላይ ያለው ብቻ ይቀራል። ማዕዘን «ሐ» ከተፈቀደው ቦታ ይወጣል። የተሻለው ዕቅድ ደ = 16፣ ቆ = 12 ይሆናል፤ 960 ሕፃናትም ይከተባሉ።

ልልነቱ ሲሰላ ባለሙያ 0፣ ነዳጅ 40 ሊትር፣ በረዶ 2 ነው። ቀድሞ የጠበቀው የነዳጅ ገደብ አሁን ላልቷል። የፍትሐዊነት ዋጋም በግልጽ ታየ፤ በቆላ የሚከተቡት ከ400 ወደ 480 ሲያድጉ በደጋ የሚከተቡት ከ600 ወደ 480 ይወርዳሉ። ስሌቱ የትኛው ይሻላል ብሎ አይፈርድም። ፍርዱ የባለሙያውና የኅብረተሰቡ ነው፤ ስሌቱ ግን የሚፈረድበትን ጉዳይ በቁጥር ያቀርባል።

«ከዚህ አይነስ» በሚል ገደብ ላይ ከዝቅተኛው መጠን በላይ የሚገኘው ብልጫ ልልነት ሳይሆን «ትርፍ» ይባላል። የቆላው ገደብ 12 ሆኖ 12 ስለተፈጸመ ትርፉ ዜሮ ነው። ገደቡ 8 ቢሆን ኖሮ ማዕዘን «ሐ» በነበረበት ጸንቶ ትርፉ 2 ይሆን ነበር።

ትርፍ በሥነ ምግብ ስሌት ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ዕድሜው ከ12 እስከ 23 ወር የሆነና መጠነኛ የጡት ወተት የሚያገኝ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን 550 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል፤ ከተጨማሪ ምግቡ የሚጠበቀው ፕሮቲን ወደ 5 ግራም ነው። በደባርቅና በዳባት ደጋ ዋና አዝመራ የሆነው ገብስ በ100 ግራም ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪና 10 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። የጉልበቱን ፍላጎት ለማሟላት 157 ግራም ያህል ገብስ ቢያስፈልግ በውስጡ ከ15 ግራም በላይ ፕሮቲን ይገኛል። የፕሮቲን ጥራትና የመፈጨት ሁኔታ ታሳቢ ሆኖ እንኳ ትርፉ ሰፊ ነው፤ ባቄላ ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይሰፋል።

በሊኒየር ፕሮግራሚንግ የተሠሩ የተጨማሪ ምግብ ጥናቶች በብዙ ታዳጊ አገሮች ተደጋግመው የሚያመለክቱት የጠበቁት ገደቦች ብረት፣ ዚንክና ካልሲየም መሆናቸውን ነው። ሕፃኑ በአንድ ጊዜ ሊመገብ የሚችለው የገንፎ መጠን ውስን መሆኑም ሌላ የጠበቀ ገደብ ነው። በቀጠነ አጥሚት ላይ ፕሮቲን መጨመር በላላ ገደብ ላይ መጨመር ነው፤ እህሉን መዘፍዘፍና ማብቀል፣ ገንፎውን ማወፈር፣ እንቁላልና ወተት መጨመር ግን የጠበቁትን ገደቦች ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ መሆናቸው ሲታሰብ የጠበቀውን ገደብ ለይቶ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ግልጽ ይሆናል።

ልልነት ብክነት ነውን?

ልልነት ተርፏል ከተባለ ይቀነስ የሚል ድምዳሜ ላይ በችኮላ መድረስ አይገባም። በምሳሌው ውስጥ የተረፉት 4 የበረዶ ጥቅሎች የኩፍኝ ወረርሽኝ ድንገት ቢነሣ የመጀመሪያውን ቡድን ለማሰማራት ያገለግላሉ። በአንጻሩ ነዳጁ ልልነት የለውም። በክረምት በሊማሊሞ ቁልቁለት መንገድ ቢዘጋና መኪናው ተመልሶ ቢሄድ የዚያ ጉዞ ነዳጅ ይባክናል፤ ዕቅዱም በዚያው ልክ ይጎድላል። በወረቀት ላይ ከሁሉ የተሻለው ዕቅድ በመሬት ላይ ከሁሉ ተሰባሪው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ አቃጅ የተወሰነ መጠባበቂያ ከመጀመሪያው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ የነዳጁን ገደብ 600 ሳይሆን 560 አድርጎ ያሰላል።

ለዚህ የአካባቢው የቅርብ ዘመን ታሪክ በቂ ምክንያት ይሰጣል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲደርስ ከአዲአርቃይና ከዙሪያው የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች በደባርቅና በዳባት ተጠልለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በዳባት አቅራቢያ ለኤርትራውያን ስደተኞች የአለምዋጭ መጠለያ ተቋቁሟል። የሕዝብ ብዛት በሳምንታት ውስጥ ሲጨምር ከዓላማው እስከ ገደቡ ያሉ ቁጥሮች ሁሉ ይለወጣሉ። ልልነት ያልነበረው ሀብት በእንዲህ ያለ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ያልቃል።

የዘዴው ወሰን

የግራፍ ዘዴ የሚያገለግለው ሁለት ዓይነት ሥራ ብቻ ሲኖር ነው፤ ወረቀት ያሉት ዘንጎች ሁለት ናቸውና። ሥራዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ በሲምፕሌክስ ወይም በኮምፒዩተር ይሠራል። በሲምፕሌክስ ዘዴ ልልነት ራሱን የቻለ ፊደል ተሰጥቶት እኩልነቱ ውስጥ ይገባል፤ 2ደ + 4ቆ ≤ 80 የነበረው 2ደ + 4ቆ + ል = 80 ይሆናል። «ል» የባለሙያው ልልነት ነው። ትርጉሙ በግራፉ ላይ ከታየው አይለይም።

ዘዴው ሁሉንም ነገር ቀጥተኛ መስመር አድርጎ ይወስዳል፤ አሥረኛው ጉዞ እንደ መጀመሪያው 40 ሕፃናት ያስገኛል ብሎ ያስባል። በተግባር ግን በቅርብ ያሉት ከተከተቡ በኋላ የቀሩትን ማግኘት እየከበደ ይሄዳል። በተጨማሪም ጉዞ በክፍልፋይ አይደረግም። በምሳሌው መልሱ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ተገኝቷል፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ስሌቱ ከገቡበት ቁጥሮች የተሻለ ሊሆን አይችልም። የጉዞ ጊዜ፣ የነዳጅ ፍጆታና የተከተቡት ብዛት በየጉዞው በጥንቃቄ መመዝገብ አለበት።

ማጠቃለያ

ልልነትን በግራፍ ለማግኘት አምስት ቅደም ተከተሎች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ሥራዎቹንና ገደቦቹን በቁጥር መጻፍ፤ ሁለተኛ፣ ገደቦቹን በመስመር ሠርቶ የሚፈቀደውን ቦታ መለየት፤ ሦስተኛ፣ ማዕዘኖቹን ፈትሾ የተሻለውን መምረጥ፤ አራተኛ፣ በተመረጠው ማዕዘን ላይ ካለው ሀብት የሚወጣውን በመቀነስ የእያንዳንዱን ገደብ ልልነት ማስላት፤ አምስተኛ፣ ከነጥቡ እስከ መስመሩ ያለውን ርዝመት በአባዢው አብዝቶ መልሱን ማረጋገጥ ናቸው።

ሥራው አንድ ወረቀት፣ ማስመሪያና እርሳስ እንጂ ሌላ አይጠይቅም፤ በማንኛውም ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሊሠራ ይችላል። «ምን ይጨመር?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የትኛው አልቋል?» የሚለውን ለማስቀደም ይረዳል። ሀብቱ አነስተኛ፣ መንገዱም አስቸጋሪ በሆነበት በስሜን ተራሮች ግርጌ የጠበቀውን ገደብ ለይቶ የቀረበ ጥያቄ ለተጨማሪ ሃያ ሕፃናት ክትባት ሊያስገኝ ይችላል፤ ሳይለይ የቀረበው ደግሞ ባዶ ማቀዝቀዣ ሆኖ ይቀራል።